ታጉ ያልተቆረጠ ሱሪ

ካልጋሪ ውስጥ ብቻውን ሄዶ ሱሪ የገዛ ሐበሻ ወንድ የለም። «እኔ አለሁ» የሚል ካለ ይቅረብና ሱሪውን እንየው፤ ወይ ወገቡ ላይ እንደ ጆንያ አፍ ተሰብስቧል፣ ወይ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ሳይደርስ ተስፋ ቆርጧል። የኛ ወንድ መኪና ብቻውን ይገዛል። የቤት ሞርጌጅ ሳያነብ ይፈርማል። ሚስት እንኳ አማላጅ ሳይልክ በስልክ ጨርሶ ያመጣል። ሱሪ ሲሆን ግን «የሚያውቅ ሰው» ካልያዘ እግሩ ከቤት አይወጣም።

የሚያውቅ ሰው ደግሞ በየከተማው አንድ አይጠፋም። ኤድመንተኖች የራሳቸው አላቸው ሲባል ሰምቻለሁ። የኛው ሊቀ ሱሪ ኪራኮስ ናቸው። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ቤተ ክህነት አታውቅም፣ እሳቸውም እስከ ዛሬ አያውቁም።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እኔ ትዕግሥት የለኝም። ሱሪ ለኔ ሁለት እግር የሚገባበት ጨርቅ ነው። ገብቶ ከተዘጋ አለቀ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው፤ ብዙ ወንድ በዝግጅት ብዛት ከቤቱ ሳይወጣ ሲያረጅ አይቻለሁና።

ጋሽ ኪራኮስ ስድሳን የተጠጉ፣ ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው። ማርልቦሮ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ አንድ ቤዝመንት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። የምግብ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳሉ። በብሬክ ሰዓት ሌላው ኳስ ሲያይ እሳቸው የሱሪ ሪቪው ያነባሉ። «ኮሎራዶ ውስጥ አንድ ሰውዬ በዚህ ሱሪ ወንዝ ተሻግሮ…» ብለው ከጀመሩ የሰውየውን ሥራ፣ የውሻውን ስም፣ ሱሪው እስኪደርቅ ምን እንደበላ ሳይነግሩህ አይለቁህም።

ልዩ ሙያቸው ቀላል የተራራ ሱሪ ነው፤ ሀይኪንግ ፓንት የሚሉት። ድሮ ይህ ሙያ አያስፈልግም ነበር። ተራራ ማለት ለኛ ከቶሮንቶ የመጣ እንግዳ ጭነን ሄደን፣ መኪናው ላይ ተደግፈን ፎቶ ተነሥተን፣ «ኧረ ይበርዳል» ብለን የምንመለስበት ቦታ ነበር። ሐኪሞቹ ስኳር፣ ግፊት፣ ኮሌስትሮል ማለት ሲጀምሩ ወንዱ ሁሉ ባንዴ ተራራ ወጪ ሆነ። መውጣቱስ ይቅር፣ ለመውጣት ተዘጋጂ ሆነ። ሊቀ ሱሪ የነገሡት ያኔ ነው።

«ጥጥ ለአንሶላ ነው!» አዋጃቸው በዚህ ይከፈታል። ሱሪው ናይለን ይሁን፤ ትንሽ የሚለጠጥ ነገር ይግባበት፤ በጣም ከተለጠጠ ደግሞ የሴት ልጅ የጂም ሱሪ ሆነ። እጅህ ላይ ስትይዘው መያዝህን ልትረሳ ይገባል። ጨብጠህ ስትለቀው ተጨማዶ ከቀረ መልሰህ ስቀለው። ሁለቱ እግሮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ትርፍ ጨርቅ ካልተሰፋበት «ይሄ ቆሞ ለሚውል ዘበኛ ነው» ይላሉ። ኪሱ ዚፕ አለው? ዚፑ ስትቀመጥ ይወጋሃል? ቁርጭምጭሚቱ ላይ ማጥበቂያ ገመድ አለው? «ለመዥገር ነው» ይሉና፣ ቃሉን ሲጠሩት እጃቸው ራሱ ወደ ካልሲያቸው ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ግን መግቢያ ነው። ዋናው ፈተና ስግደት ነው።

ሌላው ሰው ሱሪ ሲለካ መስታወት ፊት ይዞራል። ጋሽ ኪራኮስ መስታወት አያምኑም። «ስገድ!» ይላሉ። በደቡብ ካልጋሪ አንድ ትልቅ የካምፕ ዕቃ ሱቅ ውስጥ፣ በድንኳንና በምድጃ መደርደሪያ መካከል፣ ልጆች ያሳደገ ትልቅ ሰው ጉልበቱን አጥፎ፣ ግንባሩን ወለል አስነክቶ ይነሣል። «ድገመው!» ይደግመዋል። ጉልበቱ ላይ ከያዘው፣ ከኋላ ወርዶ ካጋለጠው፣ ስፌቱ ጢጥ ካለ፣ ሱሪው ወደቀ። «የሕማማትን ስግደት የቻለ ሱሪ የትኛውም ተራራ አያቅተውም» ነው ሕጋቸው። መጀመሪያ ሰሞን የሱቁ ሠራተኞች ሰው ታመመ ብለው ውኃ ይዘው ይሮጡ ነበር። አሁን ለምደው ጋሪያቸውን ገፋ አድርገው መንገድ ይለቃሉ። እናንተም አትሳቁ። ከሚሰግድ ሰው በላይ ሱሪ የሚያስጨንቅ ፍጡር ካለ ንገሩኝ።

ፈተናውን ያለፈ ሱሪ ተገዝቶ ይወጣል፤ ግን አልተገዛም። «ታጉን እንዳትቆርጥ!» ይላሉ መኪና ውስጥ ሳይገቡ። ሱሪው ቤት ሄዶ ይኖራል፣ ይለበሳል፣ ይቀመጥበታል፤ ታጉ፣ ያ ዋጋ የተጻፈበት ካርቶን፣ ግን ከኋላ ሸሚዝ ሥር ተወሽቆ አብሮ ይኖራል። ምክንያቱም ነገ የተሻለ ሱሪ ይወጣ ይሆናል፤ ያኔ ይኼኛው ይመለሳል። የዚህ ከተማ ግማሽ ወንድ ጀርባው ላይ ካርቶን እያሳከከው ነው የሚኖረው።

እንግዲህ ወደ ፀጋዬ ልምጣ፤ ቀጥሎ ያለውን የነገረኝ እሱ ነው።

ፀጋዬ ማርቲንዴል ይኖራል። ሩታ የምትባል አንድ ልጅ አለችው። ሩታ ስታድግ እሱ ሺፍት ላይ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ይወጣል፣ ከተኛች በኋላ ይገባል። እንዲህ እንዲህ እያለ ልጅቷ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ሃሊፋክስ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ሃሊፋክስ ማለት የዚህ አገር ሌላኛው ጫፍ ነው። ኦገስት መጨረሻ ላይ ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ ወደዚህ ቤት የምትመጣው እንደ እንግዳ ነው። ይህን ፀጋዬ ያውቃል። አይናገረውም እንጂ ያውቃል።

ሰመሩ ሲገባ ሩታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«አባ፣ ከመሄዴ በፊት ሀይክ እንሂድ። ካናናስኪስ፣ ሌኩ ድረስ። አንተና እኔ ብቻ።»

«እንሄዳለን» አለ።

«ግን ጂንስ ኖ። ፕሊስ፣ አባ። ጂንስ ኖ።»

አላጋነነችም። ያለፈው ዓመት የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ተራራ ሲወጡ ፀጋዬ አብሮ ሄዶ ነበር፤ በጂንስ። መንገድ ላይ ዝናብ መጣ። ጂንሱ ውኃውን ጠጥቶ ጠጥቶ የራሱን ክብደት የሚያህል ሌላ ሰው ሆነበት። ሲወርድ እግሩን ከፍቶ፣ ጭኑ ተልጦ፣ እንደ ጨረቃ ተጓዥ እየተራመደ ነበር። ልጆቹ ሁሉ ቆመው ጠበቁት። ሩታ አጠገቡ ቆማ ተራራውን የምታደንቅ መሰለች፤ አባቷ እንዳያፍር።

«ቁምጣ ልበስ» ብላው ነበር አንዴ።

«ቁምጣ? እኔ? የቤተ ክርስቲያን ሴቶች፣ እነ እትዬ ሸዋዓለም፣ ጉልበቴን ይዩት?»

«አባ፣ ተራራ ላይ ናቸው እንዴ እትዬ ሸዋዓለም?»

«አይታወቅም» አለ ፀጋዬ።

ያኔ ብቻውን ሄዶ አንዱን ሱሪ አንሥቶ ቢመጣ ይህ ጽሑፍ ባልተጻፈ። ግን እሱም የኛው ነው። ለጋሽ ኪራኮስ ኮል አደረገ።

«ተራራ? ከልጅህ ጋር?» አሉት፤ ድምፃቸው ወፈር አለ። «ይሄማ ተራ ሱሪ አይደለም። ቆይ፣ አትቸኩል። ተራራው የት ይሄድብሃል?»

የመጀመሪያው ሱሪ ጥሩ ነበር። ፀጋዬ ሰገደበት፣ ተነሣበት፣ ወደደው። ሊቀ ሱሪ ግን ኪሱን ከፍተው ሽፋኑን ዳሰሱት። «መረብ ነው። ቁልፍህ ይበሳዋል። የመኪና ቁልፍ ተራራ ላይ ወድቆ ልጅህን በምን ትመልሳታለህ?» ሱሪው ተሰቀለ። ሁለተኛው ከጉልበት በታች ዚፕ ያለው፣ ተፈቶ ቁምጣ የሚሆነው ዓይነት ነበር። ፀጋዬ መለኪያ ክፍል ውስጥ ሊሞክረው ብሎ አንዱን እግር ፈታው፤ ሌላኛው ዚፕ ነከሰና እምቢ አለ። አንድ እግሩን ራቁቱን አስቀርቶ፣ በሌላው እግር ሊከልለው እየሞከረ ብቅ አለ።

«ፀጋዬ! ምን ሆነህ ነው?»

«ዚፑ ነው ጋሼ። እምቢ አለኝ።»

«አየህ? አየህ? የተራራው ድብ እንዲህ ሆነህ ቢያገኝህስ?»

ድቡ ምን እንደሚያስብ አልተነጋገሩም። ሱሪው ግን ተሰቀለ። ቅዳሜ እንዲህ ሄደ፤ የሚቀጥለውም። አንዱ ቀበቶው የቦርሳ ማሰሪያ ሥር ይጎረብጣል፤ አንዱ ቀለሙ አቧራ ያሳያል፤ አንዱ ላይ ኮሎራዶ ያለው ሰውዬ ቅሬታ ጽፎበታል።

በመጨረሻ አመድማ ቀለም ያለው፣ እንደ ወረቀት የቀለለ ሱሪ ተገኘ። ሱቅ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሰገደበት፤ ምንም እንከን አልወጣለትም። ሊቀ ሱሪ ግን ምንጣፍ ላይ የተሰገደ ስግደት አልበቃቸውም። «ቤተ ክርስቲያን ሄደህ በደንብ ስገድበትና እናያለን። ታጉን እንዳትቆርጥ!» እሑድ እንዳይሆን ደግሞ በሰንበት አይሰገድም። ስለዚህ አንድ የሰመር እሑድ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ተራሮቹ ከማርቲንዴል ጥርሳቸው ሳይቀር የሚታይበት ቀን፣ ሱሪው ስላልተፈተነ ብቻ እንዲሁ አለፈ። ፍልሰታ ገባ።

በፍልሰታ፣ በአዘቦት ቀን፣ ፀጋዬ ከሥራ ወጥቶ አዲሱን ሱሪ ለብሶ፣ ነጠላውን ደርቦ ቅዳሴ ገባ። ሰገደ። ጉልበቱ አልያዘውም፤ ከኋላ አልወረደም። ችግሩ ሌላ ነበር። ካህኑ ዝም ሲሉ፣ ሕዝቡ ዝም ሲል፣ ሱሪው ዝም አይልም። ሲወርድ ሽው፣ ሲነሣ ሽው። ይባስ ብሎ ነጠላው ተንሸራቶ ታጉ ወጥቶ ነበር። ቅዳሴው ሲያልቅ እትዬ ሸዋዓለም በር ላይ ያዙት።

«ልጄ፣ ከኋላህ ወረቀት ተንጠልጥሏል።»

«አዎ፣ እትዬ… ይመለስ ይሆናል ብለን ነው።»

«አንተ ስትወርድ ስትነሣ እኔም እሱን ሳነብ ቅዳሴው አመለጠኝ። በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ ይላል። ካውያ አይንካው ይላል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

ጋሽ ኪራኮስ ፍርዱን ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ሰጡ። «ስግደቱን አልፏል። ግን ሱሪህ ያወራል። ድቡ ከሩቅ ይሰማሃል።»

«ድቡ ቢሰማኝ አይሻልም ጋሼ? ፈረንጆቹ እኮ ድቡ ሰምቶ እንዲሸሽ ደወል አስረው ነው የሚሄዱት።»

ሊቀ ሱሪ ይህን አላሰቡትም ነበር። ፊታቸው ላይ ትንሽ ጥላ አለፈ። «እሱን አነባለሁ» አሉ። እያነበቡ ሳለ ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ የጫካ ቃጠሎ ጭስ መጥቶ ከተማውን ሸፈነ። ተራሮቹ ጠፉ። «በጭስማ አይወጣም» አሉ፤ ይሄ እንኳ እውነት ነበር፤ ያበሳጨኝም እውነት መሆኑ ነው።

ሩታ ሻንጣ ማዘጋጀት ጀመረች። ስለ ሀይኩ ማንሣትም ተወች።

ገበያነሽ፣ የፀጋዬ ሚስት፣ አልተወችም። «ሱሪ ነው ሙሽራ ነው የምትመርጡት? ልጅቷ እየሄደች ነው፤ አንተ እዚህ ትለካለህ።»

ዓርብ ዕለት ጭሱ ገለል አለ። ፀጋዬ ደረጃው ላይ ሆኖ ሩታ ከጓደኛዋ ከሄቨን ጋር በስልክ ስታወራ ሰማ። «ኖ፣ አልሄድንም። አባ ኢዝ ስቲል ቹዚንግ ፓንትስ፤ ገና ሱሪ እየመረጠ ነው» አለችና ሳቀች። ብትናደድ፣ በር ብትወረውር ይሻለው ነበር። የሳቀችው እንደማይሆን አውቃ፣ ትታው፣ ለቀቅ አድርጋው ነው። ፀጋዬ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። በረራዋ ሰኞ ነው። እሑድ ዘመድ ሊሰናበት ይመጣል። የቀረችው ቅዳሜ ናት።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ሊቀ ሱሪ፣ ኮፍያቸውን አድርገው፣ የሱቅ ከረጢት በእጃቸው ይዘው።

«አገኘሁት!» አሉ። «የማያወራ! ትንሽ ይጠብህ ይሆናል፤ አንዴ ለብሰህ…»

ፀጋዬ የሚያወራውን አመድማ ሱሪ ለብሶ፣ ውኃ በቦርሳ እየከተተ ነበር። «እየሄድን ነው ጋሼ።»

«የት?»

«ተራራ። እኔና ሩታ። አሁን።»

«በዚህ? አንተ ሰው፣ ቆይ እንጂ፣ አትቸኩል! ተራራው የት ይሄድብሃል?»

«ተራራውማ የትም አይሄድም፣ ጋሼ። ሩታ ናት ሰኞ የምትሄደው።»

ይህን ብሎ ከመሳቢያው የወጥ ቤት መቀስ አወጣ፤ እጁን ወደ ኋላ ሰደደ፤ ታጉን ቀጭ አደረገው። ወረቀቷ መሬት ላይ ወደቀች። ጋሽ ኪራኮስ ሰው የተወጋ ያህል «ውይ!» አሉ። ገበያነሽ እልል ልትል ከንፈሯን ከፍታ፣ ሰውየውን አይታ መለሰችው።

ሩታ ከደረጃው እየሮጠች ወረደች። «አባ! ቆረጥከው? ኦ ማይ ጋድ፣ ቆረጠው!» ከዚያ በሩ ላይ ከረጢታቸውን አቅፈው የቆሙትን አየች። አንተና እኔ ብቻ ብላ የነበረችው ልጅ አንድ እርምጃ ወደ በሩ ቀረበች።

«ጋሼ ኪራኮስ፣ ለምን አብረውን አይመጡም?»

«እኔ?» ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ፤ ሌላ ሰው የጠራች መስሏቸው። «እኔ እንኳ… እኔ ሱሪ የለኝም።»

ፀጋዬ ታሪኩን ሲነግረኝ እዚህ ላይ ቆመ። እኔም እየሳቅኩ ነበርና አቆምኩ። የዚህን ከተማ ወንድ ሁሉ ሱሪ አልብሰው ወደ ተራራ የሸኙ ሰው ሱሪ የላቸውም። ምን ያደርግላቸዋል? ሱሪው ሲገዛ «እግዜር ይስጥልን ጋሼ» እንልና ማርልቦሮ ጣቢያ አውርደናቸው እንሄዳለን። ተራራው ላይ ሆነን ፎቶ እንልክላቸዋለን፤ «ሱሪው አሪፍ ነው» ብለን። አንድ ቀን አንዳችን «ይምጡ» ብለናቸው አናውቅም፤ እሳቸውም ካልጠሯቸው የሚሄዱ ሰው አይደሉም። ሱሪው ከተገዛ በኋላ ስልኩ እንደማይጮኽ ግን ጠንቅቀው ያውቃሉ። እንግዲህ በዚህ ዓይን ያንን ሁሉ «ቆይ፣ አትቸኩል» ደግማችሁ ስሙት። እኔ ስሰማው በማን ላይ ልናደድ እንደነበር ጠፋኝ።

ሩታ ከረጢቱን ከእጃቸው ወስዳ ሱሪውን ዘርግታ አየችው። «ይሄ ለአባ አይሆንም። ቦርጩስ? ለእርስዎ ግን ልክ ነው።»

«ቦርጬን ተዪው» አለ ፀጋዬ፣ ደስ ብሎት።

መታጠቢያ ቤት ገብተው ለብሰው ወጡ። ታጉን ሸሚዛቸው ሥር ወሽቀውታል። ይቆረጥ ብሎ የደፈራቸው የለም።

መንገዱን እንደነገረኝ ልንገራችሁ። ፀጋዬ ከፊት፣ ሽው ሽው እያለ፤ ሩታ መሐል፤ ጋሽ ኪራኮስ ከኋላ። ድብ አልመጣም፤ በዚያ ድምፅ ማን ይመጣል? ጂንስ የለበሰ መንገደኛ ባለፋቸው ቁጥር ሊቀ ሱሪ በሹክሹክታ «ጥጥ!» ይላሉ፤ ሩታ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። አቀበቱ ሲበረታ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ሆኑ። ምን እንደተነጋገሩ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። «ብዙ አወራን» ብቻ አለኝ፤ ሲለኝ የሱሪውን ጉልበት እየዳሰሰ ነበር።

ሩታ «ሌኩ» ያለችው ሐይቅ ጋ ደረሱ። ውኃው አረንጓዴ ነው፤ ዙሪያውን ድንጋይ፣ ከላይ ያልቀለጠ በረዶ። ጋሽ ኪራኮስ ኮፍያቸውን አወለቁ። ስለ ናይለን፣ ስለ ዚፕ፣ ስለ ኮሎራዶው ሰውዬ ምንም አላሉም። ከዚያ ቀስ ብለው ጉልበታቸውን አጠፉና ጠጠሩ ላይ ግንባራቸውን አስነኩ።

ፀጋዬ ጎንበስ ብሎ በለሆሳስ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ቅዳሜ እኮ ነው። አይሰገድም» አላቸው።

«ማን ሰገደ?» አሉ ከመሬት ሳይነሡ። «ሱሪውን እየፈተንኩ ነው።»

ፈተናው ረዘመ። ሸሚዛቸው ወደ ላይ ተሰብስቦ ታጉ ወጥቶ ጀርባቸው ላይ በነፋስ ይወዛወዛል። ሩታ ከፈርስት ኤይድ ቦርሳዋ ትንሿን መቀስ አወጣችና አባቷን አየችው። ፀጋዬ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ቀጭ።

ሰምተዋል። አልተነሡም።

ባለፈው ሳምንት ለጋሽ ኪራኮስ ደውዬ ለተራራ ሱሪ እፈልጋለሁ አልኳቸው። ውሸቴን ነው፤ ሁለት አለኝ። «ቆይ፣ አትቸኩል» አሉኝ፤ ከኋላቸው የፎርክሊፍቱ ጡሩምባ ይሰማል። «መጀመሪያ እናንብብ። ከዚያ እናያለን። ከዚያ ደግሞ አብረን ሄደን ተራራው ላይ እንሞክረዋለን።»

አልቸኩልም አልኳቸው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።